ፖስታውማ ታሽጎ ነበር

ቢሯችን ውስጥ ጨረታ የሚገባበት ቀን ዋዜማ ልክ እንደ በዓል ዋዜማ ነው፣ ማንም ቶሎ ቤቱ አይገባም። ቴክኒካሉ (ስራውን እንዴት እንደምንሰራና በማን) ለብቻ፣ ፋይናንሻሉ (ዋጋው) ለብቻ፣ ኦርጅናልና ኮፒው ተለይቶ፣ እያንዳንዱ ገጽ ላይ ማህተምና ፓራፍ፣ ሲፒኦው (ለጨረታ ማስከበሪያ ከባንክ የምናሰራው ቼክ) ትንሿ ፖስታ ውስጥ፣ ከዛ ሁሉም ትልቁ ፖስታ ውስጥ ይገባና ሻማ ይለኮሳል። ቀዩ ሰም ጠብ ጠብ ይላል። ጋሼ (አለቃችን ናቸው፣ ከጥበቃው ጀምሮ ሁላችንም ጋሼ ነው የምንላቸው) ማህተሙን ራሳቸው ሰሙ ላይ ይጫናሉ፣ ለሌላ ሰው ሰጥተው አያውቁም። ፋይናንሻሉ ፕሪንት ሲደረግ በር ይዘጋል፣ የተበላሸ ገጽ ካለ ብጭቅጭቅ ተደርጎ ነው የሚጣለው። የመጨረሻዋን ዋጋ የምናውቀው እሳቸውና እኔ ብቻ ነን።

እንደዛ ተጠንቅቀን ያሸግነው ዋጋ ግን ፖስታ ውስጥ ከመግባቱ በፊት በነበሩት ሶስት ሳምንታት የት የት ዞሮ እንደመጣ ዛሬ ቁጭ ብዬ ሳስበው መሳቅም ማልቀስም ነው የሚያምረኝ። ኤክሴሉን ሳይት ላይ ሆኜ በስልኬ ለማየት ብዬ የግል ኢሜይሌ ነፃ ድራይቭ ላይ ጫንኩት። የአቅራቢዎቹን ፕሮፎርማ በስልክ ስካን አድርጌ አንዱ ነፃ ሳይት ላይ መርጅ አደረግኩት፣ ፋይሉ ከበደ፣ ሌላ ነፃ ሳይት ላይ አሳነስኩት። ከቻይና የመጣውን ኮቴሽን ሌላ ሳይት ላይ አስተረጎምኩት። ይባስ ብሎ ከአንድ መስሪያ ቤት የተላከልን የድሮ ደብዳቤ በቪዥዋል ግዕዝ (በድሮው የአማርኛ መጻፊያ ፕሮግራም) የተጻፈ ሆኖ ላፕቶፔ ላይ ምኑም ምኑም የማይነበብ የላቲን ምልክት ሲያዘንብብኝ፣ ደብዳቤውን ከነቁጥሩ ከነፕሮጀክቱ ስም ኮፒ አድርጌ ማን እንደሰራው የማላውቀው ገጽ ላይ ፔስት አድርጌ ዛሬ ሁሉም ኮምፒውተር ወደሚያነበው ፊደል፣ ወደ ዩኒኮድ ቀየርኩት። ይሄ ሁሉ ሲሆን በሩ ክፍት ነው፣ ቡናዬን እየጠጣሁ ነው።

ስራችን ኤሌክትሮሜካኒካል ነው፣ ፓምፕ፣ ጄኔሬተር፣ ፓናል ቦርድ ምናምን። ትንሽ ድርጅት ነን፣ ዘጠኝ ሰው። እኔ ቢኦኪው (የስራና የእቃ ብዛት ከነዋጋው የሚዘረዘርበት ሰንጠረዥ) እሞላለሁ፣ ፕሮፖዛል አዘጋጃለሁ፣ ሰው ሲጎድል ሳይት እወጣለሁ። እና የዛ ጨረታ (የግል ድርጅት ነበር ያወጣው፣ ስሙ ይቅር) ዋጋ ሲነበብ ሁለተኛ ወጣን። መሸነፍ ያለ ነው፣ ለምደነዋል። ያሳመመን ልዩነቷ ነበረች። አሸናፊው ከእኛ በታች የገባባት ብር አንድ ጄኔሬተር ተጭኖ ሳይት ለማድረስ የምንከፍለውን የክሬን ኪራይ እንኳን አትሞላም። ጋሼ ከአዳራሹ ሲወጡ አንድ ነገር ብቻ ነው ያሉት፣ "ከቤት ነው የወጣው።"

ከቤት ሲባል ደግሞ እንግዲህ ማንን ነው የምትጠረጥረው? ሰው ነዋ። ፖስታውን ማን ያዘው ተባለ፣ ባሻ። ባሻ ሹፌራችን ናቸው፣ ስማቸው አይደለም፣ ከድሮ ጀምሮ እንደዛ ነው የሚጠሩት። ከቢሮ ተቀብለው ሳጥኑ ውስጥ እስኪከቱት ድረስ አርባ ደቂቃ ፖስታው ከሳቸው ጋር ብቻ ነበር። ሰሙ አልተነካም፣ ሲከፈት በአይናችን አይተናል፣ ግን ጥርጣሬ መች ሰም ያያል። ማንም ፊት ለፊት አልከሰሳቸውም፣ በቃ ጋሼ ዶክመንት በሳቸው መላክ አቆሙ። መጀመሪያ ሲፒኦ፣ ከዛ ደብዳቤ፣ በኋላ እኔ ራሴ ለፎቶኮፒ እንኳን ሌላ ሰው መላክ ጀመርኩ። ባሻ ሁለት ወር ያህል ዝም ብለው ቻሉትና አንድ ቅዳሜ ቁልፉን ጠረጴዛ ላይ አስቀምጠው ሄዱ።

ወደ አስር ወር ገደማ አለፈ። ኢንተርንሺፕ የመጣ ልጅ ነበር፣ የአምስተኛ አመት ተማሪ፣ የዛን ፕሮጀክት የደብዳቤ ቁጥር ፈልግልኝ አልኩት፣ ፋይል ክፍል ከመሄድ ይልቅ እንደ ዘመኑ ልጅ ጎግል ላይ ጻፈው። "ኢንጂነር፣ ይሄ የኛ አይደለም እንዴ?" አለኝ ላፕቶፑን እያዞረ።

የኛ ነበር። ስራ ለመከፋፈል ብዬ ኢንተርኔት ላይ የከፈትኩት ነፃ የፕሮጀክት ቦርድ፣ ካርዶቹ እንዳሉ ተደርድረው። ልጁ በማንም አካውንት አልገባም፣ ፓስወርድ አልተጠየቀም። አንዱ ካርድ "ዋጋ የመጨረሻ" ይላል፣ ስሩ ኤክሴሉ ተያይዟል፣ ከኤክሴሉ ስር ደግሞ በራሴ እጅ የጻፍኳት ኮሜንት አለች፦ "ጋሼ ከዚህ በታች አንወርድም ብለዋል፣ በዚሁ ይታተም።" ቀኑ ጨረታው ከመዘጋቱ ሶስት ቀን በፊት።

እንዴት ክፍት ሆነ ብዬ ወደኋላ ሳስብ ትዝ አለኝ። ንዑስ ተቋራጫችን የስራ መርሃ ግብሩን ማየት ፈልጎ መግባት እምቢ አለው፣ ማታ ነው፣ ስልክ ላይ ነን፣ "አይከፍትልኝም" ይላል፣ እኔም ሴቲንጉ ውስጥ ገብቼ ከ"የግል" ወደ "ለሁሉም" ቀየርኩት፣ ከፈተለት፣ ነገ እመልሰዋለሁ ብዬ ተኛሁ። ያቺ ነገ እስከዛሬ አልመጣችም። ማንም ሀከር አልመጣም፣ ማንም ቁልፍ አልሰበረም፣ በሩን እኔ ነኝ ክፍቱን ትቼው የሄድኩት፣ የፍለጋ ሮቦቶቹ ደግሞ ስራቸው ክፍት በር እያዩ መመዝገብ ነው።

ለነገሩ በዚህ እኔ የመጀመሪያው አይደለሁም፣ እንደውም ጥሩ ጓደኛ አለኝ። እ.ኤ.አ. በ2018 አንድ ህንዳዊ የሳይበር ተመራማሪ የተባበሩት መንግስታት ሰራተኞች ለሁሉም ክፍት ያደረጓቸውን የትሬሎ ቦርዶች፣ የጂራ ገጾችና (ሁለቱም እንደኔው ቦርድ የስራ መከፋፈያ ናቸው) የጎግል ዶክ ፋይሎች በተራ ፍለጋ አግኝቶ ነበር፣ ዘ ኢንተርሴፕት ነው የዘገበው። የፋይል ሰርቨር መግቢያ፣ የቪዲዮ ኮንፈረንስ መግቢያ ሳይቀር። እዚህ ከተማችን ኢሲኤ (የተባበሩት መንግስታት የአፍሪካ ኢኮኖሚ ኮሚሽን) ግቢ ለመግባት ቦርሳህ በማሽን ሳያልፍ፣ መታወቂያህ ሳይያዝ አይሞከርም፣ እዛው ድርጅት ውስጥ ግን ፓስወርዱን ካርድ ላይ የለጠፈ ሰው ነበር። ሰውየው ሰነፍ አይመስለኝም። የቸኮለ ነው የሚመስለኝ፣ እንደኔ "አይከፍትልኝም" የተባለ።

ተፎካካሪያችን ያንን ቦርድ አይቶት ይሆን? ይሄ ነው እስካሁን የሚበላኝ። ልፈትሽ ብዬ ገባሁ፣ ማን መቼ እንደከፈተው የሚያሳይ መዝገብ ፈለግኩ፣ የለም። እንደዛ አይነት መዝገብ ብዙ ጊዜ የሚከፈልበት ፕላን ላይ ነው የሚመጣው። በራችን ላይ ያሉት ጥበቃ እንኳን ስም፣ ሰአትና የመኪና ታርጋ ይመዘግባሉ፣ ብእራቸው ካለቀ ከሱቅ ገዝተው ይመዘግባሉ። እና አይቶት ሊሆን ይችላል፣ ሰውየው በራሱ ሂሳብ እዛች ቁጥር ላይ ደርሶም ሊሆን ይችላል፣ ገበያው እኮ አንድ ነው፣ ከአንድ አስመጪ ነው ሁላችንም የምንገዛው። መቼም አላውቀውም። በባሻ ላይ ግን ሳናውቅ ፈርደን ነበር።

ሰው የሚያይ የሚዳስሰውን ነገር ነው የሚጠብቀው፣ ፖስታውን፣ ማህተሙን፣ ሹፌሩን። ብሮውዘር ላይ የተከፈተች ታብ ግን ከራስህ ላፕቶፕ ውስጥ ያለች ነው የምትመስለው፣ የራስህ ጠረጴዛ ላይ ያለች። "ፒዲኤፍህን እዚህ ጣል" የምትለዋ ሳጥን ላይ ፋይሉን ስትጥለው እኮ ከቢሮህ ወጥቶ የሆነ አገር ያለ የሌላ ሰው ኮምፒውተር ላይ ተገልብጧል፣ እዛ ተሰርቶ ነው የሚመለስልህ። ከአንድ ወይ ከሁለት ሰአት በኋላ እናጠፋዋለን የሚሉ አሉ፣ ብዙዎቹም የሚያጠፉ ይመስለኛል። ግን ይመስለኛል ነው፣ ሄጄ አላየሁም፣ ባያጠፉ ደግሞ የምከስበት ወረቀት የለኝም። ፖስታውን ለማላውቀው መንገደኛ ሰጥቼ "እባክህ ሳትከፍት ስቴፕል አድርገህ መልስልኝ" እንደማለት ነው፣ መንገደኛው ጨዋ ሊሆን ይችላል።

አንዳንዴ ደግሞ ጨዋው መንገደኛም ይሳሳታል። ትልልቅ ፋይል መላኪያው ዊትራንስፈር ስሙ የተከበረ ነው፣ እ.ኤ.አ. በሰኔ 2019 ለሁለት ቀን ያህል የሰዎችን ፋይል ለሌሎች ሰዎች ኢሜይል ሲልክ ነበር፣ ራሱ ነው ያመነው። ሁላችንም ስልክ ላይ ያለው የስካን አፕ፣ ካምስካነር፣ በዛው አመት ነሐሴ ላይ የአንድሮይዱ አፕ ውስጥ በማስታወቂያ ላይብረሪ በኩል የገባ ማልዌር (ተንኮል ያለበት ፕሮግራም) ተገኝቶበት ከፕሌይ ስቶር ወርዶ ነበር፣ በኋላ አጽድተው መለሱት። እኛ አገር ያኔ ማን አወራው? የመታወቂያ ኮፒ፣ የንግድ ፈቃድ፣ የቲን ሰርተፊኬት በሱ ነበር ስካን ስናደርግ የነበረው፣ እኔ ራሴ ዜናውን ያየሁት ከአመታት በኋላ ነው። በ2025 ደግሞ የአሜሪካው ኤፍቢአይ የዴንቨር ቢሮ በነፃ ፋይል እንቀይራለን የሚሉ አንዳንድ ሳይቶች የምትፈልገውን ፋይል ቀይረው ሲመልሱልህ ማልዌር ጨምረው ነው ብሎ አስጠነቀቀ። ስራህ ስለሚሰራልህ አትጠረጥርም፣ ጥሩ አድርጎ መርጅ አድርጎልሃላ።

ትርጉሙ ላይ ስመጣ የኖርዌዩን ታሪክ ሳነብ ነው ላብ ያሰመጠኝ። ስታትኦይል የሚባለው ትልቁ የነዳጅ ድርጅት (ዛሬ ኢኩዊኖር ነው ስሙ) ሰራተኞቹ ትራንስሌት ዶት ኮም በሚባል ነፃ ሳይት የድርጅቱን ጽሁፎች ሲያስተረጉሙ ኖረው፣ እ.ኤ.አ. በ2017 የኖርዌይ ብሮድካስቲንግ እነዛ ጽሁፎች ጎግል ላይ ሲፈለጉ እንደሚወጡ አጋለጠ። የስራ ስንብት ደብዳቤ፣ ኮንትራት፣ ፓስወርድ። ሰዎቹ የፈለጉት እንግሊዝኛቸውን ማስተካከል ብቻ ነበር። እኛም እኮ ያው ነን፣ ጎግል ትራንስሌት እ.ኤ.አ. በ2016 አማርኛ ከጨመረ ወዲህ ሽፋን ደብዳቤያችን ሁሉ አንዴ እዛ ሳይገባ አይወጣም።

አሁን ደግሞ ቻትቦት መጣልን። ቲኦአሩን (ደንበኛው የሚፈልገውን ስራ የዘረዘረበትን ሰነድ) ሙሉ ፔስት አድርገህ "ሜቶዶሎጂ ጻፍልኝ" ትላለህ፣ ይጽፋል፣ ቆንጆ አድርጎ። ሳምሰንግ በ2023 ለቺፕ ኢንጂነሮቹ ቻትጂፒቲን በፈቀደ በሳምንታት ውስጥ ሰራተኞቹ የድርጅቱን ኮድ እና የስብሰባ ቅጂ ሳይቀር እዛ አስገብተው ተገኙ፣ ብዙም ሳይቆይ ከለከለው። እነሱ የአለም ቺፕ የሚሰሩ ሰዎች ናቸው፣ እኔ በምን አቅሜ። በነፃው አካውንት የምትጽፈው ነገር፣ ሴቲንግ ውስጥ ገብተህ ካላጠፋኸው፣ ለሞዴሉ ማሰልጠኛ ሊውል ይችላል። በ2025 ደግሞ ሰዎች ሼር ያደረጓቸው የቻትጂፒቲ ንግግሮች ጎግል ላይ መውጣት ጀምረው ድርጅቱ "በፍለጋ ይገኝ" የምትለዋን ምርጫ አነሳት። ያቺን ምርጫ ጠቅ ያደረጉት እኮ ራሳቸው ሰዎቹ ናቸው። እኔ ግን አልስቅባቸውም።

"ለምን ከፍላችሁ አትጠቀሙም" የሚለኝ ሰው አለ፣ በተለይ ውጭ ያለው የአክስቴ ልጅ። ወንድሜ፣ በምን ካርድ? የብር ካርዴ እነዚህ ሳይቶች ላይ አይሰራም። በሰው አንድ አስር ዶላር በወር ማለት ለዘጠኝ ሰው ዘጠና ዶላር ነው፣ በኛ አቆጣጠር ሐምሌ 2016 ላይ ምንዛሬው ለገበያ ሲለቀቅ ዶላር ከ57 ብር ተነስቶ በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ከ100 አለፈ፣ ከዛ በኋላ ያለውን ደግሞ ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። ያለን መንገድ አንድ ነው፣ የአክስት ልጅ በካርዱ እንዲከፍል መለመን፣ እሱ የረሳ ወር ደግሞ ቢሮው ስራ ይፈታል። ክራክ የተደረገ ሶፍትዌር ከፍላሽ የምንጭንበትም ምክንያት ይሄው ነው፣ ክራኩ ውስጥ ምን አብሮ እንደመጣ ደግሞ እግዜር ይወቀው። ስለዚህ ነፃ መጠቀም ስስት አይደለም፣ ማንም እዛ ላይ እንዲፈርድብን አልፈልግም።

ከፍሎ መጠቀሙም ቢሆን ያን ሌሊት የነካኋትን ቁልፍ ነክቼ ቢሆን አያድነኝም ነበር። ስትከፍል የምታገኘው ውል ነው፣ ማን እንደገባ የሚያሳይ መዝገብ ነው፣ አንድ ኃላፊ "ለሁሉም" የሚለውን ምርጫ ለሰራተኛው ሁሉ መዝጋት የሚችልበት ሴቲንግ ነው። ይሄ ትንሽ አይደለም።

አንድ ነገር ግን ከዋጋው በላይ ያሳፈረኝ አለ። ያ ቦርድ ላይ የንዑስ ተቋራጩ ዋጋም ነበር። "ይሄ ለናንተ ብቻ ነው፣ ሌላው ከሰማ ገበያዬን ታበላሽብኛለህ" ብሎ በስልክ የነገረኝ ነጠላ ዋጋ፣ እኔም "አታስብ" ያልኩት። የኛ ዋጋ ቢወጣ ኪሳራው የኛ ነው። የሱ ግን አደራ ነበር። ቴክኒካሉን አስቡት ደግሞ፣ አስራ ሁለት ባለሙያ ሲቪ፣ ዲግሪ፣ የስራ ልምድ፣ የመታወቂያ ኮፒ፣ ከመካከላቸው ግማሹ ሲቪያቸውን ለዛች ጨረታ ያዋሱን ፍሪላንሰሮች ናቸው። የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ከወጣ ወዲህ ይሄ የይሉኝታ ጉዳይ ብቻ አይደለም፣ የሰው የግል መረጃ ከአገር ሲወጣ እንዴት መሆን እንዳለበት ሳይቀር የሚል ህግ ነው፣ ተቆጣጣሪውም የኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን ነው። የነዛን ሰዎች ሲቪ አንድ ላይ ለመስፋት ስንት አገር እንዳዞርኩት ለማንኛቸውም አልነገርኩም።

አሁን ምን እያደረግኩ ነው፣ ብዙም አይደለም። ፒዲኤፍ መርጅ የማደርገው እዚሁ ላፕቶፔ ላይ በተጫነ ፕሮግራም ነው፣ ፒዲኤፍሳም ቤዚክ ይባላል፣ እሱም ነፃ ነው፣ ሊብሬኦፊስም ነፃ ነው፣ ልዩነቱ ፋይሉ ከማሽኔ ንቅንቅ አይልም። አማርኛ ከስካን ላይ አንብቦ ወደ ጽሁፍ የሚቀይረው ቴሰራክትም እንደዛው፣ "ኀ" እና "ሐ" ላይ ቢንገዳገድም። ድሮ "ነፃ" ስል ሁሉም አንድ ይመስለኝ ነበር፣ ነፃ ሆኖ ቤትህ የሚመጣ እና ነፃ ሆኖ ወደቤቱ የሚጠራህ ለየቅል ናቸው። ግድ ኦንላይን ሳይት መጠቀም ካለብኝ ገጹ ከተከፈተ በኋላ ዋይፋዩን አጠፋና ፋይሉን እጥልበታለሁ፣ ከሰራ ስራው እዚሁ ብሮውዘሬ ውስጥ ነው ማለት ነው፣ ካልሰራ ፋይሉ ሊሄድብኝ ነበር። (ፍጹም ዋስትና አይደለም፣ ኢንተርኔቱ ሲመለስ ቆይቶ ሊልክ የሚችል ክፉ ገጽ አይጠፋም፣ ስለዚህ ታቡን ዘግቼ ነው ዋይፋዩን የምከፍተው።) ዋጋ ያለበት ኤክሴል በቴሌግራም መላክ ካለበት በሰቨን ዚፕ (ፋይል ማሸጊያ ፕሮግራም) በፓስወርድ አሽጌ፣ ፓስወርዱን በስልክ በቃል። ቴሌግራም ተራው ቻት ሰርቨሩ ላይ ነው የሚቀመጠው፣ ሚስጥራዊ ቻት የሚለውን ካልከፈትክ በቀር፣ ቢሮ ውስጥ ያንን የሚከፍት ሰው ደግሞ አላየሁም።

ቦርዱን አልተውኩትም፣ ጠቃሚ ነው። "ፓምፑ ደረሰ"፣ "ቀለም ቀቢው አልመጣም" ይጻፍበት፣ ማንም ያንብበው። ዋጋ፣ ሲቪ፣ የሰው አደራ ግን አይገባበትም። ቻትቦቱንም እጠቀማለሁ፣ የደንበኛውን ስም፣ ቦታውን፣ ቁጥሩን አውጥቼ። አንዳንዴ እየረሳሁ፣ ልዋሻችሁ አልፈልግም።

ለጋሼ የነገርኳቸው ልጁ ያሳየኝ እለት ማታ ነው። ቦርዱን ከፍቼ አሳየኋቸው፣ መነጽራቸውን አደረጉ፣ ኮሜንቷን ሁለት ጊዜ አነበቧት፣ "ይሄን ማን ጻፈው?" አሉ። "እኔ ነኝ ጋሼ።" ይቆጡኛል ብዬ ነበር። መነጽራቸውን አውልቀው ብዙ ቆዩና "የባሻ ስልክ አለህ?" አሉኝ።

ነበረኝ፣ ግን እሳቸውም አልደወሉም፣ እኔም ሳምንት ሙሉ አልደወልኩም። በመጨረሻ አንድ እሁድ ከሰአት ደወልኩ። ባሻ የሰው ላዳ ይዘው እየሰሩ ነው፣ ጥሩንባ ይሰማል ከኋላቸው። መጀመሪያ ስለቤተሰብ ጠየቅኳቸው፣ ስለጤናቸው፣ ከዛ እንደምንም አወጣሁት፣ ባሻ ያ ጨረታ፣ ያ ዋጋ፣ ኢንተርኔት ላይ ክፍት ተቀምጦ ነበር፣ ያስቀመጥኩት እኔ ነኝ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ። ኢንተርኔት የሚለው ምን ያህል እንደገባቸው አላውቅም። ዝም አሉ። ስልኩ የተቋረጠ መስሎኝ "ሄሎ?" አልኩ።

"አለሁ" አሉኝ። "እኔ እኮ ያን ቀን ፖስታውን ወንበር ላይ እንኳን አላስቀመጥኩትም። ፍሬን ስይዝ እንዳይወድቅ ብዬ ጭኔ ላይ አድርጌ ነው የነዳሁት።"